ማማ ላይ ወጥቼ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ስደውል ስለማታነሳ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ባለፈው ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ እዚሁ ፊንላንድ፣ ፓሪካላ ሄጄ ነበር። ሲካላህቲ ረግረጉ ዳር፣ የወፍ ማያ ማማው ላይ። አዎ፣ እኔው አባትህ።

ትንሽ ልጅ ሆነህ አስተማሪህ «ወፍ ለማየት ስንሄድ ወላጆችም ይምጡ» የሚል ወረቀት ልካ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ። «ለወፍ ብዬ እንቅልፌን አላጣም!» አልኩህ፤ አንተም ከጎረቤት ጋር ሄድክ። ስትመለስ አፍንጫህ በብርድ ቀልቶ ስለ አንድ ወፍ ስታወራ ስታወራ፣ እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ «እሺ፣ እሺ» እልህ ነበር። ይኼ ነገር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ምን ላድርግ፣ እኔ ወፍን የማውቀው በጠላትነት ነዋ። ደምቢያ እያለሁ ማማ ላይ የሚወጣው ወፍ ለማባረር ነው። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳው ይመጣል፤ ወንጭፍ ይዘን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ዝናቡ አልፎ ጣና ዳር ሽምብራው ሲበቅል ደግሞ እነዚያ ግራጫ፣ እግረ ረጃጅም ወፎች በመንጋ ያርፋሉ። አባቴ «እነዚህን መንገደኞች አባርልኝ» ይለኝ ነበር። ከየት እንደሚመጡ ማንም አይጠይቅም። መጥተዋል፣ ይበላሉ፣ ይባረራሉ፣ በቃ።

እዚህ ደግሞ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ወፉ እንዳይደነግጥ ያንሾካሹካል! መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር። ከዚያ ከሸምበቆው ማዶ ጥሩምባ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ሁለት ወፎች አንገታቸውን ቀጥ አድርገው እየተቀባበሉ ይጮሃሉ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቴሌስኮፓቸውን ወደ እኔ አዙረው «ኩርኪ» አሉኝ። ዓይኔን ስጥል ያ የሽምብራ ሌባ! ግራጫው፣ አናቱ ላይ ቀይ ያለበት። ሽማግሌው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ፈገግ አሉ። ለካ መከታተያ ከታሰረባቸው የፊንላንድ ኩርኪዎች አንዳንዶቹ በዩክሬን፣ በቱርክና በእስራኤል አድርገው የዚህን አገር የብርድ ወራት ኢትዮጵያ ነው የሚያሳልፉት። ሁሉም አይደሉም፣ ብዙዎቹ በሌላ መንገድ ይወርዳሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ በወንጭፍ ስወረውር የነበረው ፊንላንዳዊ ላይ ኖሯል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐይቁ ላይ በረዶው ገና አልቀለጠም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ውሃ ይታያል። እዚያች ጠባብ ውሃ ላይ ዳክዬው፣ ዝይው፣ ሁሉም ተጣቧል። የፊንላንድ አንድ ዩሮ ሳንቲም ላይ የሚበሩት ሁለት ነጭ ወፎችም አሉ፣ ዮትሰን የሚሏቸው። በ1950 አካባቢ በመላ አገሩ 15 ጥንድ ያህል ብቻ ቀርተው ነበር አሉ፤ ሰው አድኖ ጨርሷቸው። አሁን ከ10,000 ጥንድ በላይ ሆነዋል። ሸምበቆ ውስጥ ተደብቆ ባዶ ጠርሙስ እንደሚነፋ ሰው «ቡም» የሚል ደግሞ አለ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰማሁት፣ አንዴም አላየሁትም።

የእነዚህ ሰዎች የወፍ ተረት ደስ ይላል። ኪዩሩ ከመጣች ለበጋ አንድ ወር፣ ፔይፖ ከመጣ ግማሽ ወር፣ ቬስታራኪ ከመጣች ጥቂት፣ ፔስኪ ከመጣች አንድ ቀንም የለም ይላሉ። ቬስታራኪ ያቺ ጭራዋን የምታወዛውዘው ጥቁርና ነጭ ናት፤ እኛም አገር ውሃ ዳር ትንጎራደዳለች፣ እሷን ግን ማንም አያባርራትም። የመጨረሻዋ፣ ፔስኪ፣ በሜይ ትገባለች። እውነቱን ለመናገር ተረቱን አላምነውም፣ እዚህ አገር በሜይም በረዶ ሲጥል አይቻለሁ።

በሜይ መጀመሪያ የማማዎች ውድድር አለ። ከጠዋቱ 11 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ እያንዳንዱ ቡድን ከራሱ ማማ ሳይወርድ ስንት ዓይነት ወፍ እንዳየና እንደሰማ ይቆጥራል። ሽማግሌው «ና፣ ጆሮህ ጥሩ ነው» ብለውኛል። እኔ ግን የወፎቹን ስም አላውቅም። አንተ ታውቃለህ፣ ያኔ የነገርከኝ ሁሉ ጭንቅላትህ ውስጥ አለ።

ከሄልሲንኪ ወደ ዮኤንሱ የሚሄደው ባቡር ፓሪካላ ይቆማል፤ አርብ ማታ ና፣ ጣቢያው ላይ እጠብቅሃለሁ። የጎማ ቦት ጫማህ ጓዳ ውስጥ አለ፣ ካልጠበበህ። ሻይ በቴርሞስ እኔ እይዛለሁ፣ ዳቦ እናትህ ትጋግራለች። ባይኖኩላር ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገዝቻለሁ፣ አንዱ መስታወቱ ትንሽ ይጋረዳል፣ እሱን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ የራስህን አምጣ።

ስልክህንም አንሳ።

አባትህ