ስለ ኪርኩኩ ሐኪም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሰሜን ኢራቋ የነዳጅ ከተማ ስለ ኪርኩክ ስትጽፉ የነዳጁ ነገር በሰፊው ይነሳል። ከተማዋን ያስተዳደሩት ዶክተር ነጅመዲን ከሪም ግን «ከሥልጣን የተነሱት አገረ ገዥ» ተብለው ታለፉ። እንደ ነርስነቴ ቅር አለኝ።

ሰውየው የኪርኩክ ልጅ ናቸው። ሞሱል ሕክምና ተምረው፣ ገና በወጣትነታቸው ፔሽመርጋ ከሚባሉት የኩርድ ታጋዮች ጋር ተራራ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኢራንና ኢራቅ አልጀርስ ላይ ሲስማሙ፣ ኢራን ለኩርዶቹ የምትሰጠውን ድጋፍ አቋረጠች፤ የኩርዶቹም ትግል ፈረሰ። መሪያቸው ሙስጠፋ ባርዛኒ በካንሰር ታመው አሜሪካ ሲገቡ ሐኪማቸው እኚሁ ሰው ነበሩ። ባርዛኒ በ1979 ዋሽንግተን ውስጥ አረፉ። ዶክተሩ እዚያው ቀርተው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሆኑ።

እስቲ አስቡት። ስንት ዓመት የለፉበትን ሙያ፣ የተደላደለ ኑሮ ትቶ፣ በ60 ዓመት ዕድሜ ቦምብ ወደሚፈነዳባት ከተማ መመለስ! በ2010 የኢራቅ ፓርላማ ገቡ፤ በ2011 አገረ ገዥ ሆኑ። ኪርኩክን ኩርዱም፣ ዓረቡም፣ ቱርክመኑም «የኔ ናት» ይላታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 140 ጉዳዩ እስከ 2007 መጨረሻ በሕዝበ ውሳኔ ይቋጭ ብሎ ነበር። ቀኑ ዝም ብሎ አለፈ።

በ2014 አይ ኤስ የተባለው ጽንፈኛ ታጣቂ ቡድን ሲመጣ የኢራቅ ጦር ጥሎ ሸሸ፣ ፔሽመርጋ ከተማዋን ያዘ። ኪርኩክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ተቀበለች፤ አብዛኞቹ ዓረቦች ነበሩ። በ2016 አይ ኤስ ከተማዋን ካጠቃ በኋላ ግን ብዙዎቹ ተገደው መውጣታቸውን የመብት ድርጅቶች ዘግበዋል። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ባንዲራው ነው። በማርች 2017፣ መሃሏ ላይ ፀሐይ ያለባት የኩርዲስታን ባንዲራ በየመሥሪያ ቤቱ ከኢራቁ ባንዲራ ጎን ተሰቀለች። ይህን የወሰነው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ የዓረብና የቱርክመን ተወካዮች አልተገኙም። እኔ ቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ከየት ወገን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር። ከተማው ግማሹ ባኮረፈበት ቀን ለምን አልታገሱም? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሴፕቴምበር የባግዳድ ፓርላማ አነሳቸው፤ እሳቸው አልወርድም አሉ። ኦክቶበር 16 የኢራቅ ጦር ሲገባ ከተማዋን ለቀው የኩርዲስታን ክልል ዋና ከተማ ወደሆነችው ኤርቢል ሄዱ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ አረፉ።

ሌላ ጊዜ ስለ ኪርኩክ ስትጽፉ ሁለቱንም ንገሩን፤ በሽተኛውን ይዞ ባሕር የተሻገረውን ወጣት ሐኪምም፣ ባንዲራ የሰቀሉትን አገረ ገዥም።

አንባቢያችሁ