ስልኩ ስለጠራ ሥራው አላለቀም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ የሊኑክስ ስልክ ሰርቨሩን (ጥሪዎቹን የሚያስተናግደውን ኮምፒውተር) እንድፈትሽለት ጠራኝ። ታካሚዎች ማታ የሚተዉት የድምፅ መልእክት ለሐኪሞቹ በኢሜይል መድረስ ነበረበት፤ አልደረሰም። ሁሉም ሰርቨሩ ውስጥ መላኪያ ወረፋ ላይ ተከማችቷል። ነርሷ አንዱን ከፍታ ስትሰማ፣ አንዲት እናት ስለ ልጇ ትኩሳት ትናገራለች። አንጀቴን በላችው።

ኢሜይሉን የሚልከው ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስ፣ በፖርት 25 (ኢሜይል ከሚያልፍባቸው የኔትወርክ በሮች አንዱ) በቀጥታ ሊልክ ይሞክር ነበር፤ ብዙ ኔትወርኮች ደግሞ ይህን ፖርት ይዘጋሉ። ኢሜይሉ በየትኛው ሰርቨር በኩል እንደሚያልፍ በሚወስነው «ሪሌይሆስት» በሚለው የቅንብር መስመር የክሊኒኩን የኢሜይል ሰርቨር በፖርት 587 አስገባሁ፤ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጨምሬ ወረፋው እንደገና እንዲላክ አዘዝኩ። ሄደ። ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ፖስትፊክስ ያልተላከን መልእክት የሚያቆየው 5 ቀን ብቻ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ራሳችሁ ደውላችሁ መልእክት ተዉ፤ ኢሜይሉ ሐኪሙ እጅ ሲገባ በዓይናችሁ እዩ።

የስልክ ሲስተም ቴክኒሻን፣ ከድሬዳዋ