የአልጋህን ከፍታ ለክተህ ላክልኝ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሜትሬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴም ደኅና ናት። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ድምፁን ያጠፋ ሰው በምን እንደሚጀምር ቢቸግረኝ፣ ልጅ ሳለን መጻፍ ለማይችሉ የሰፈር ሽማግሌዎች ደብዳቤ ስንጽፍ በምንጀምርበት ጀመርኩ።

የመጨረሻ ጥሪህን አልረሳሁትም። እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር፤ እናንተ ዘንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት። በእንቅልፍ ልቤ ስልኩን ላነሣ እጄን ስሰድ የውኃ ብርጭቆውን ደፋሁት። ስልኩ እዚያው ሞተ፤ ቁጥርህም አብሮት ሄደ። በዚህ ላበቃ ነበር ያሰብኩት፤ ግን እኅትህ ከእኔ ሁለት ፌርማታ ርቃ እንደምትኖር ታውቃለህ። በማግስቱ ቁጥርህን ልጠይቃት እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፤ ከዚያ ማፈር መጣ፤ ባፈርኩ ቁጥር ዘገየሁ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህም እርሷው ናት፤ እኔን እንደ ተቆጣችኝ አንተንም በእኔ ፈንታ ትሳምልኝ።

ከጥፋቱ ጥቂቱ ግን የኮመዲኖዬ ነው። ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር የገዛሁት ቺፕውድ ነበር። ላዩ ከሁለት መዳፍ አይሰፋም፤ በዚያ ላይ ስልክ፣ መነጽር፣ መጽሐፍና ብርጭቆ ይጋፋሉ። ውኃው ከፈሰሰበት በኋላ ጠርዙ ወጥ ውስጥ እንደ ገባ ዳቦ አብጦ ልባጡ ተነሣ። እንዲያም ሆኖ አልጣልኩትም። ይባስ ብዬ፣ ዓምና እናቴ ጠቅልላ እኔ ዘንድ ስትገባ ለእርሷ አስጠጋሁላት።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ባትሪዋን በዳበሳ ስትፈልግ ጉልበቷን ከማዕዘኑ ጋር አጋጨችው። ጠዋት የበለዘውን ቦታ በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍን አየኋት። በተግባረ ዕድ አብረን መላጊያ ስንገፋ ኖረን እናቴን በቺፕውድ!

መጋዝ ከማንሣቴ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ሌሊት እጇ ምን ላይ እንደሚያርፍ ብቻ ተከታተልኩ። ዳዊቷ፣ መነጽሯ፣ የደም ግፊት ኪኒኗ፣ የጠበል ጠርሙሷ፣ መቁጠሪያዋ፣ ባትሪዋ፣ ባለ ቁልፍ ስልኳ፣ በዚያ ላይ የልጅ ልጆቿን የምታይበት ሁለተኛው ስልክ። ኮመዲኖ የሚለውን ቃል ያወረሱን ጣሊያኖች ናቸው፤ በቀድሞው አውሮፓ ደግሞ ከሥሩ በር የነበረው ፖፖ ስለሚደበቅበት ነው። ይህን ለእናቴ ብነግራት ሳቀችና «እኔስ እንኳን ፖፖ፣ የስልኩ ሽቦ ነው የሚያስቸግረኝ» አለች። በሩን ተውኩት።

እንጨቱን ከየት እንዳመጣሁት ስነግርህ አትቆጣ። የአባቴ የድሮ አልጋ ራስጌ ነው፤ ዋንዛ። ዛሬ እንዲያ ያለ ሰፊ ሳንቃ ከየት ይገኛል? ተሰብሮ የቀረ ምስማር የመላጊያዬን ምላጭ ቦጨቀው፤ ግን የጠቆረው ፊቱ ሲላጭ ከሥር የወጣውን መልክ ብታይ አንተም ትምረኝ ነበር።

ከፍታው ላይ ተሳሳትኩ። ፍራሹን ባዶውን ለክቼ 61 ሴንቲ ሜትር አገኘሁና ኮመዲኖውን 63 አደረግሁት። ስትተኛበት ስፖንጁ ወደ 56 ወረደ፤ ብርጭቆ ለማንሣት ክንዷን ሽቅብ መስቀል ሆነባት። እግሮቹን 5 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኳቸው። አሁን ከተኛችበት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ እጇን ዘርግታ ሳትንጠራራ ሁሉን ታገኛለች። ማዕዘኖቹን ለማዞር የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ በእርሳስ ዞርኩበት። መሳቢያው እጀታ የለውም፤ እጀታ ነጠላ ይይዛል። ከላይኛው ጠርዙ ላይ አራት ጣት የሚያስገባ ግማሽ ጨረቃ ቆረጥኩለት።

የሽቦው ነገር ብዙ አሳሰበኝ። ሶኬት ማከፋፈያውን መሳቢያ ውስጥ መቅበር ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ይሞቃል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ከላይኛው ሳንቃ ሥር ፊትም ኋላም ክፍት የሆነ መደርደሪያ ተውኩና ማከፋፈያውን ከመሬት አንሥቼ እዚያ በብሎን አሰርኩት። ሽቦ ማሳለፊያውን መጀመሪያ 2 ሴንቲ ሜትር በስቼው ነበር። ሽቦው አለፈ፣ የሶኬቱ ራስ ግን ቀረ! ሽቦውን ቆርጬ ልቀጥል ስል አንተ ትዝ አልከኝ፤ በ220 ቮልት ላይ የተቀጠለ ሽቦ ከአሮጊት ራስጌ? ቀዳዳውን 5 አደረስኩት። ውኃው ከመብራቱ እንዲርቅ በተቃራኒው ጫፍ ለብርጭቆ የሚሆን ክብ ጉድጓድ በመሮ ፈለፈልኩ፤ ጥልቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር። ለባትሪዋም ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ገባ ያለ ቦይ ሠራሁለት፤ መብራት ሲጠፋ ጣቷ በቦዩ ሄዶ ባትሪው ላይ ያርፋል።

መሳቢያው ግን አዋረደኝ። ግንቦት ላይ ግጥም አድርጌ ሠርቼው፣ ሐምሌ ሲገባ ከነኪኒኗ ተቆለፈ። ዋንዛ እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎኑ እንደሚሰፋ የሚያውቅ ሰው የሚሠራው ስሕተት አይደለም። ሁለት ሚሊ ሜትር ላግሁለት፤ እናቴ ደግሞ ከጧፏ ቁራጭ ሰጠችኝና መንሸራተቻውን በሰም አሸሁት። አሁን በአንድ ጣት ይሳባል።

ያን ያህል የተጠበብኩበት የብርጭቆ ጉድጓድ ምን ሆነ መሰለህ? ቆሎ አስቀመጠችበት። ውኃዋን ክዳን ባለው ጠርሙስ መሬት ላይ፣ ከነጠላ ጫማዋ አጠገብ ታኖራለች። «እንዲህ ያለች የቆሎ ሳሕን አይቼ አላውቅም» ትለኛለች፤ እኔም አላረምኳትም። ማታ ማታ ከዚያ ላይ እየዘገነች ስላንተ ትጠይቀኛለች፤ አገባ ወይስ እንደ ወጣ ቀረ ትላለች። መልሱን አንተው ጻፍላት።

ከራስጌው ለአንድ ኮመዲኖ የሚበቃ ሳንቃ ተርፎኛል። ተፈታቶ በሻንጣ የሚገባ አድርጌ ልሠራው እችላለሁ፤ እኅትህ ልኩን ይዛልኝ ስትመለስ፣ ኮመዲኖውን ይዞ ወደ አንተ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሜትር ከኪስህ እንደማይጠፋ አውቃለሁና የአልጋህን ከፍታ ለክተህ ላክልኝ። ፍራሹን ባዶውን አትለካ፤ ተኝተህበት ሌላ ሰው ይለካልህ።

ያንተው