ቁስሉስ ዳነ፣ እኔስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ ያየኝ ሐኪም ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቁስሉ ነው። ደረቀ? ሰው ሠራሹ እግር ተስማማህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል ወይ ያለኝ የለም። ሌሊት የሌሉት የእግሬ ጣቶች ሲያሳክኩኝ አበድኩ እንዴ ብዬ ፈርቼ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ወራት ቆየሁ፤ ለካ እንደኔ እግር ወይም እጅ ያጣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። በስንት ልመና ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ተላክሁ። ክፍሉ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለም! (እውነቴን ነው፣ ሳቄ መጣ።) እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 26 ላይ፣ ተሃድሶ በተቻለ መጠን ቶሎ ይጀመር፣ ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎችም እርስ በርስ ይደጋገፉ ይላል። እኔ የምለው፣ ባለሙያው ምድር ቤት፣ ቁስል ከሚታጠብበት ክፍል አጠገብ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? ቀጠሮውም በዚያው ቀን ይሁን።