ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ደም ይወሰድ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ትኩሳት ይዞን ክሊኒክ ስንሄድ ብዙውን ጊዜ ወይ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ»፣ ወይ «ደምህ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ» እንባላለን። የላቦራቶሪ ባለሙያ በመሆኔ እነዚህ መልሶች ከየትኛው ምርመራ እንደሚመጡና ምን ያህል እንደሚታመኑ ለአንባቢያን ማስረዳት እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ዊዳልና ዋይል ፌሊክስ ከሚባሉት ምርመራዎች የሚገኝ ነው። ዊዳል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ የሚያሳየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ጀርሙን ራሱን ስላልሆነ፣ ቀደም ሲል ታሞ የዳነ ወይም በሌላ ተዛማጅ ጀርም የተያዘ ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መልስ በአብዛኛው ከሲቢሲ (የደም ሴሎችን ከሚቆጥረው ምርመራ) የሚመጣ ነው። የነጭ ደም ሴል መብዛት ግን ጀርም ደም ውስጥ ስለመግባቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የቶንሲል ሕመም እንኳ ያበዛዋል። በአንጻሩ በጠና የታመመ ጨቅላ ሕፃን ቁጥሩ ወርዶ ሊገኝ ይችላል።

ጀርሙን ለይቶ የሚያሳየው የደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙን ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ጀርሙን የማሳደግ ምርመራ ነው። ቆዳው በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን በሚገባ ጸድቶ፣ ከአዋቂ ሰው ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰዳል። ብዙ ታካሚዎች «ይህን ያህል ደም ለምን?» ብለው ይቆጣሉ፤ ሆኖም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ አንድ ጀርም እንኳ ላይገኝ ስለሚችል ጥቂት ደም ወስዶ «ኔጌቲቭ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከሁለት ቦታ የሚወሰደውም ከቆዳ የገባውን ጀርም ከእውነተኛው ለመለየት ነው። ጠርሙሱ እስከ 5 ቀን በማሞቂያ ውስጥ ይቆያል፤ አብዛኞቹ ጀርሞች ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያድጋሉ፤ ከዚያም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድላቸው ይፈተሻል።

ይህ ሲባል በሽተኛው ውጤት እስኪመጣ ይጠብቅ ማለት አይደለም። ትንፋሹ የፈጠነ፣ የሚቀባጥር፣ ሽንቱ ያነሰ፣ የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሰውነት ክፍሎችን ሥራ የሚያውክበት አደገኛ ሁኔታ) ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያስፈልገው የደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጠው ፀረ ባክቴሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ጡት መጥባት ያቆመ ጨቅላም ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። ደም መውሰድ የደቂቃዎች ሥራ በመሆኑ መርፌውን አያዘገይም። መርፌው ቀድሞ ከተሰጠ ግን ጀርሙ በጠርሙሱ ውስጥ ላያድግ ይችላል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ያንን ጀርም ለይቶ ወደሚመታው ለማጥበብ፣ ለመቀየር ወይም ለማቆም የሚመራው ነገር ያጣል።

እኛ ሰፈር የሚደረገው የተገላቢጦሽ ነው። ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ በየክሊኒኩ ለቀናት ይወጋል፤ ካልተሻለ ሪፈር ይጻፋል፤ ካልቸር የሚታሰበው ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላ ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች ከደም ከሚገኙት እንደ ክሌብሴላ ካሉ ጀርሞች ብዙዎቹ ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋሙ መሆናቸው ደግሞ ለሙያው ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም።

እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የካልቸር ላቦራቶሪ ይኑረው ብዬ አልጠይቅም፤ በጀቱም ባለሙያውም የለም። ከተማዋ ግን ቅርባችን ናት። የቲቢ አክታና የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለ የኤች አይ ቪ መጠን) ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ማዕከል የሚጓጓዝበት መንገድ ስላለ፣ የጤና ቢሮው ጠርሙሶቹን ለዳር ከተማ ጤና ጣቢያዎች አድሎ ደም የተወሰደባቸው በዚያው ቀን ወደ ካልቸር ላቦራቶሪ እንዲደርሱ ማድረግ ይችላል። ለአጓጓዦቹም አንድ ነገር አስቀድሞ ይነገራቸው፦ እንደሌላው ናሙና አይስ ቦክስ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ቅዝቃዜ አንዳንዶቹን ጀርሞች ስለሚገድል ጠርሙሱ የሚጓዘው በክፍል ሙቀት ነው። ውጤቱም በሽተኛውን ላየው ሐኪም በዕለቱ በስልክ ይነገር።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ