አጥንቱማ ደህና ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ዓመት ከወገቡ ተነስቶ በቂጡ በኩል እስከ እግሩ አውራ ጣት የሚወርድ ሕመም ያዘው። «እንደ ኮረንቲ ነው የሚነዝረኝ» ይላል። ጤና ተቋም ሄደ። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ ራጅ አዘዘለት። «አጥንትህ ደህና ነው» ተባለና ማስታገሻ ይዞ ተመለሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ራጅ፣ ያው መልስ። እናታችን ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩት ብላ ነበር። ወጌሻ ቢያንስ በእጁ ይነካል።

አጥንቱማ ደህና ነው! ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ ነርቭና ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) አይታይበትም። ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን አጥርቶ የሚያሳየው በማግኔት የሚነሳው ፎቶ፣ ኤምአርአይ ነው።

ይሁንና ወገቡን ያመመው ሁሉ ኤምአርአይ ይነሳ እያልኩ አይደለም። ሦስተኛው ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝቶ የወንድሜን እግር ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ አነሳው። ግማሽ ሳይደርስ ጮኸ። ከዚያ በተረከዙ ብቻ እንዲራመድ አዘዘው፤ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «አውራ ጣትህ ድረስ ከወረደ አምስተኛው የወገብ ነርቭ ይመስለኛል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። በስድስት ሳምንት ካልተሻለህ ወይም እግርህ ከደከመ ኤምአርአይ እናነሳሃለን» አለው።

ፎቶው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው፣ ዲስካቸው በሙሉ ጤነኛ ሆኖ የተገኘው 36 በመቶው ብቻ ነበር። እኛ ሰፈር ግን «ዲስክ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ባልዲ ማንሳት ያቆማል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የወገብ ራጅም ሆነ ኤምአርአይ ማዘዣ ላይ ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ያገኘውን የሚጽፍበት ቦታ ይኑር፤ ባዶ ከሆነ አይስተናገድ። ውጤቱም በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ ሁለት መስመር ይጻፍለት።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። የወገብ ሕመም ይዞት ሽንቱ አልመጣ ያለ ወይም የሚያመልጠው፣ በጭኖቹ መሀል የደነዘዘው፣ ሁለት እግሩ የከዳው ሰው ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። በዚያው ቀን ኤምአርአይ ካልተነሳና ነርቮቹ ተጨፍልቀው ከሆነ ቶሎ ካልተቀደደ፣ ሽንቱን መቆጣጠር እስከ ወዲያኛው ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ይነሳ፣ ክፍያው በኋላ ይጠየቅ። ይህን በመመሪያ አውጡልን። ማሽን የሌለው ሆስፒታልም የት እንደሚልከው አስቀድሞ ይወቅ።

ወንድሜ በሰባተኛው ሳምንት ኤምአርአይ ሳያስፈልገው መሪ ጨበጠ። ሁለቱ የራጅ ፊልሞች ቁም ሳጥን ላይ ናቸው፤ ደረሰኞቹንም አልጣለም።

ከአክብሮት ጋር
የሹፌሩ ታላቅ እህት