ስለ እሑዱ የጫንጮ የብስክሌት ጉዞ

ውድ የቡድናችን አባላት፣

ባለፈው እሑድ በጎጃም መንገድ ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን ጫንጮ ደርሰን ስለ ተመለስንበት ጉዞ የላካችሁልኝን ገጠመኝ በምስጋና ተቀብያለሁ። አብዛኞቻችሁ የጻፋችሁት ስለ እንጦጦ ዳገት ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ቁልቁለቱ ነው፤ ወደ ከተማ ስንመለስ የጭነት መኪና ኋላ ተጠግተው ሲወርዱ ያየኋቸው አባላት ነበሩና። ፍሬን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ስለሚያግል፣ ከመጠምዘዣው አስቀድሞ ለአጭር ጊዜ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ ይሻላል።

የራሴንም ስሕተት ልናዘዝ። ሱሉልታ ላይ ከመነዳሪዬ ተንፍሶብኝ ማስቲሹ ሳይደርቅ ልጣፊውን ስለ ደረብኩበት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ እንደገና ቆምኩ። በዚያ ብርድ ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ መታገሥ ነበረብኝ። ተራ በተራ ጎማዬን የነፉልኝን እረኞች ግን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ከእኔ ይልቅ ጉልበት ነበራቸው።

በሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዱ አባል መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ መንፊያና በቂ ውኃ ይዞ ከጠዋቱ 12፡30 ላይ በተለመደው ቦታ እንዲገኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጉዞ አስተባባሪ